በዓል የዋለበት ተራ

እኔ ቂመኛ ሰው ነኝ። መጀመሪያውኑ ልናገረውና ልገላገል፤ መጨረሻ ላይ ይቅር ትል ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ በከንቱ እንዳይደክም። ቂሜ በአጎቴ ላይ ነው፤ በአባቴ ታላቅ ወንድም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለው ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን እስም ነበር። በልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የምለው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

አገራችን መንዝ ነው። ከቤታችን ወጥቶ የሞላሌን ገበያ የሚገበያይ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። የምንዘራው ገብስ ነው፤ በበልግም በመኸርም። መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሞተ፤ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ለተዝካሩ ታረደ። የአጎቴም አንዱ በሬ በዚያው ሰሞን ገደል ገብቶ ሞቶበት ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ይፈልግና ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው በተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። እናቴና አጎቴ ተቀናጁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ከዘመድ እጅ አልወጣችም» አለ።

ተራው ሁለት ቀን የእሱ፣ ሁለት ቀን የእኛ ነበር። የእኛን የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያኔ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሚወጣ ጎበዝ ሆኖ ነበር። ሁለት ለሁለት ሲባል ለሰሚው እኩል ይመስላል። እኩልነቱ የሚያልቀው በዓል ሲመጣ ነው። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም በሚውሉበት ቀን በእኛ አገር ማንም በሬ አይጠምድም፤ ደፍሮ የጠመደ ሰው በአገር ላይ በረዶ ያወርዳል ተብሎ ይፈራል። ለዚህም አጎቴ ገና ከጅምሩ ሕግ አወጣ። «በዓል ይቆጠራል፤ እረፍት አይቆጠርም» አለ።

ትርጉሙ ይህ ነው። በተራህ ላይ በዓል ከዋለ ቀንህን በላው፤ ምትክ የለህም። በሬዎቹ ደክመው ካረፉ ግን ያ ቀን እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ተራው እንዳለ ወደ ፊት ይገፋል። በሬዎቹ መድከማቸውን የሚያውቀው ደግሞ በዕድሜ ታላቅ ስለሆነ እሱ ብቻ ነው። ሚካኤል ወደ እሱ ቀን የተጠጋ እንደሆነ በሬዎቹ በእኛ ተራ ዋዜማ በድንገት ይደክማሉ። አጎቴ የቀዩን በሬያችንን ትከሻ ዳበስ ዳበስ ያደርግና «አይ፣ ይህ ከብት አልቋል፤ ይረፍ» ይላል። በሬዎቹ ያርፋሉ፣ ተራችን ይገፋል፣ ተገፍቶ ተገፍቶ በዓሉ ላይ ያርፋል። ማግስቱን አጎቴ እርጥቡን አፈር ሲገለብጥ ይውላል።

አንድ ቀን ወንድሜ አልቻለም። «ጋሼ፣ ሚካኤል ሁልጊዜ በእኛ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚውለው?» አለው። አጎቴ አልተቆጣም፤ በርኖሱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ወደ ሰማይ አየ። «በዓሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ፣ ልጄ? የእግዜርን ቀን ከእኔ ትጠይቀኛለህ?» አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ምንም የገባት አልመሰለኝም። እኔም ብሆን ነገሩን በደንብ ስላልተረዳሁት ዕድላችን እየመሰለኝ ቅዱስ ሚካኤልን ተቀይሜው ነበር።

እንዲህ እየሆነ በልጉ ሁሉ እያመለጠን ቆየ። የእኛ ማሳ ታርሶ ሳያልቅ ዝናቡ ይቆማል፤ የዘራነውም ዘግይቶ ስለሚደርስ ውርጭ ይመታዋል። በመጨረሻ ወንድሜ አንድ ጠዋት ሞፈሩን ከግድግዳው ጋር አስደግፎ ቆላ ወዳለችው ዓለም ከተማ ወረደ፤ እዚያ ሸክም ተሸክሞ መኖር ጀመረ። አራሽ የሌላት ሴት ምን ታደርጋለች? እናቴ በሬውን ሸጠች፣ መሬቱን ለእኩል ሰጠች። ማለትም አራሹ ያርሳል፣ ከምርቱ እኩሌታውን ይወስዳል። አራሹ አጎቴ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሁለተኛ በሬ ገዛ፤ የገዛውም በእኛ ገብስ ነው ብዬ አምኜ አድጌአለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ተማርኩ። አንድ መምህራችን ሥራው ብዙ፣ መሣሪያው ጥቂት፣ ጊዜው አጭር ሲሆን ማን ይቅደም ማን ይከተል የሚለውን በሒሳብ የሚያሰላ ትምህርት ይሰጠን ነበር። ምሳሌው ሁሉ ፋብሪካ ነው፤ ማሽኖችና የሚጠብቁ ሥራዎች። «ከሁሉ በፊት ገደባችሁን ጻፉ» ይለናል፤ ገደብ ማለት የማይታለፈው፣ የጎደለው ነገር ነው። «ቀጥሎ ዓላማችሁን ጻፉ። ለማን ጥቅም እንደምታሰሉ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።» እኔ ይህን ስሰማ እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቆመ። የአጎቴ በሬዎች ገደብ ነበሩ፤ በዓላቱ ገደብ ነበሩ። ዓላማውን ግን አንዳችንም ጠይቀነው አናውቅም።

ለዚያ ትምህርት የቤት ሥራ ፋብሪካውን ትቼ ሁለት በሬዎችና ሁለት ማሳዎች አስገባሁ። አንዴ በአጎቴ ሕግ፣ አንዴ በዓል ለማንም በማይቆጠርበት ሕግ አሰላሁት። በሁለተኛው ስሌት ሁለቱም ማሳዎች ዝናቡ ሳያልቅ ይዘራሉ። በሬዎቹም አፈሩም ያው ናቸው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ሕጉ ብቻ ነው። መምህሩ ወረቀቱ ጥግ ላይ «በጣም ጥሩ ምሳሌ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን መኝታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ዕድል ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር የአንድ ሰው ሥራ መሆኑን በቁጥር ማየት ያንገበግባል። ቅዱስ ሚካኤልን በዚያው ዕለት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ቂሙን ወደ ባለቤቱ መለስኩት።

ስመረቅ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ለመቅረት ሲሯሯጡ እኔ የራሳችን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ልመደብ ብዬ አመለከትኩ። ሳቁብኝ። አገሬን ላገለግል ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በመጀመሪያው ደሞዜ ለእናቴ ጋቢ ልገዛላት ብጠይቃት «ጋቢ አለኝ፤ ወይፈን ግዢልኝ» አለች። አራሽ የሌላት አሮጊት በወይፈን ምን እንደምታደርግ አልገባኝም፤ ጎረቤቱም ገርሞት «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ሲላት «ይደግ» ብቻ ትል ነበር። ገዛሁላት።

ያ ዘመን ገበሬው ሁሉ በልማት ቡድን የተደራጀበት ነበር። አንድ ዓመት መኸሩ ጥሩ ሆኖ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል ተብሎ ስለተፈራ፣ እያንዳንዱ ቡድን የአባላቱን ገብስ በተራ አብሮ እንዲያጭድ ትእዛዝ መጣ። አለቃዬ ጠራኝና «አንቺ የሒሳብ ሰው አይደለሽም? የአጨዳውን ተራ በሳይንስ አውጪልን» አለኝ። ከላይ የወረደው ቅጽ ላይ እሑድና መንግሥት የሚዘጋባቸው ቀናት ብቻ ናቸው እንደ በዓል የተያዙት። ሌላው ሁሉ የሥራ ቀን ነው። «ሚካኤሉስ? ማርያሟስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «በዓል በእቅድ አይገባም። ሕዝቡ በዓል እያለ ነው ድሃ የሆነው» አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ልብ በሉ፤ እቅዱ ውስጥ የሥራ ቀን ተብለው የተጻፉ፣ ግን በመንዝ ምድር አንድም ማጭድ የማይነሳባቸው ቀናት ነበሩ። ቢሮው አያያቸውም። በእነዚያ ቀናት ላይ የተመደበ ሰው ተራ የተሰጠው ይመስላል እንጂ ምንም አላገኘም። እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚሠራ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አጎቴና እኔ።

ስሌቱን በደንብ ሠራሁት። ዓላማው የሚባክነውን ገብስ ማሳነስ ነው፤ ገደቡ የአጫጁ ቁጥር ነው። ቁልቁል ያለ ማሳ ቀድሞ ስለሚደርስ ይቀድማል፤ ነፋስ የሚያገኘው ማሳ ስለሚረግፍ ይቀድማል፤ ጉልበት የሌላት ባልቴት ትቀድማለች፤ ጎልማሳ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ትንሽ ይቆያል። አጎቴ በመዝገቡ ላይ ሁለት ጎልማሳ ልጆች አሉት። ልጆቹ አዲስ አበባ ኮብልስቶን ሲያነጥፉ እንደሚውሉ እኔም አውቃለሁ፣ ቅጹ ግን አያውቅም። ቅጹን አላረምኩትም። ማሳው ሰፊ ስለነበር ሁለት ተራ ወጣለት፤ የራሱ ማሳ ኅዳር ሚካኤል፣ ለእኩል የያዘውና በእሱ ስም የተመዘገበው የእናቴ ማሳ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ፣ ኅዳር ጽዮን ዕለት። በመሀል ያለችው ኪዳነ ምሕረት እሑድ ስለዋለች ማንንም አልነካችም። አንድም ቁጥር አልዋሸሁም። እሱም ዋሽቶን አያውቅም።

ተራው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። እኔ ከባለሙያዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ የአጎቴን ፊት ብቻ ነበር የማየው። ስሙ ሲጠራ ቶሎ ብሎ በጣቶቹ አሰላ፤ ከዚያ ብድግ አለ። «ሚካኤል ነው እኮ! ያኛውም ጽዮን ነው እኮ!» አለ። ሊቀመንበሩ ሰለቸው። «በዓል በእቅድ አይገባም ተብሏል፣ አባቴ። ይቀመጡ» አለው። አጎቴ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረና «አንድ ሰው ይለውጠኝ» ብሎ ለመነ። ሁሉም የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ። ሚካኤል በእነሱ ላይ ባለመዋሉ ደስ ብሏቸዋል፤ ደግሞስ ከእሱ ጋር ተቀናጅቶ የሚያውቅ አንድ ብቻ አልነበረም።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ልጄ፣ ይህን ተራ ያወጣው ማነው?» አለኝ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር፤ በሬያችንን ሲዳብስ እንደነበረው።

«ሒሳብ ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

«በዓል ላይ የሚጥል ሒሳብ አለ?»

ይህን ቀን ብዙ ጊዜ በልቤ ሳየው ስለኖርኩ ቃል ፍለጋ አልደከምኩም፤ ተዘጋጅቶ ተቀምጦልኝ ነበር። «በዓሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ? የእግዜርን ቀን ከእኔ ይጠይቁኛል?» አልኩት። ቃሉ ከየት እንደመጣ አወቀው። ከዚያ በርኖሱን ሰብስቦ መንገዱን ጀመረ፤ እኔም የማስታወቂያ ሰሌዳውን የማነብ መስዬ እስኪርቅ ድረስ ቆየሁ።

የቀረኝ እናቴ ነበረች። በጽዮን ተራ ላይ ያለው ገብስ እኩሌታው የእሷ ነው፤ የእሱ ከጠፋ የእሷም ይጠፋል። ይህን ስሠራ አልዘነጋሁትም፤ ግን ሳላስፈቅዳት ልተወው አልፈለግኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ወይፈኑ አድጎ በሬ ሆኗል፤ በረቱ ፊት ቆማ አንገቱን ታክለት ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «ዝናብ ከመጣ ያንቺም አብሮ ይሄዳል። አንቺ ካልሽ አሁንም ልቀይረው እችላለሁ» አልኳት።

እጇን ከበሬው አንገት ላይ አላነሳችም። «በዓሉ በእሱ ላይ ዋለ?» አለች።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። እናቴ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ታውቂ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«የሚካኤልን ጽዋ በየወሩ የምጠጣ ሴትዮ! ሚካኤል በማን ተራ እንደሚውል አላውቅም መስሎሻል?»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር በሬውን ይፈታው ነበራ። ያቺ ያገኘናትም ትቀር ነበር። እናንተን ደግሞ ማብላት ነበረብኝ።» ከዚያ ሳቋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። «ዝም ያልኩት ስለተውኩት አይደለም። ልጄን ነው ያሳደደብኝ። ሞፈሩ እስከ ዛሬ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው።»

«እና ልቀይረው?»

«እንዳትነኪው» አለች። «የእኔ ገብስ ከእሱ ገብስ ጋር ይጥፋ። እኔ ማጣት ለምጃለሁ፤ እሱ ግን አያውቅበትም።»

ቂሜን ከየት እንደወረስኩት ያን ቀን አወቅኩ። ብቻዬን አለመሆኔ ልቤን ሞላው።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ዋለ፣ የአጎቴ ማሳ ቆሞ ዋለ። ማግስቱን ቡድኑ ወደሚቀጥለው ሰው ማሳ ሄደ፤ ተራው ያለፈበት ሰው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። አጎቴ ቀን ቀን የሌሎችን ገብስ እያጨደ፣ አመሻሽ ላይ ከሚስቱ ጋር የራሱን ይሞክር ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች ያንን የሚያክል ማሳ የት ሊያደርሱት! የሌላው ሰው ነዶ ተሰብስቦ ተከመረ። ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን ሰማዩ በዘመሮ በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤ ከዚያ በረዶ። የተከመረው ገብስ ከላይ ከላዩ ራሰ እንጂ ምንም አልሆነ። የቆመው የአጎቴ ገብስ ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ ተኛ፣ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ተዘራ።

ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የለም። በረዶው ሲቆም ሄጄ ከማሳው ዳር ቆሜ አየሁት። አጎቴ መሀል ላይ ጎንበስ ብሎ ባዶ ዛላ እያነሳ ይመለከት ነበር። ከበላዩ ያለችው የእናቴ ማሳም እንደዚያው ተኝታለች። እናቴ ከቤቷ በር ላይ ሆና ሁለቱንም ታያለች፤ አልወረደችም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሰዉ ወሬ ነው። በአገሩ ገብሱ የጠፋ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ በዓል ቢሽር ነው የሚል ተነሳ። በጽዮን ማለዳ ማጭድ ይዞ አይቼዋለሁ የሚል እንኳ ተገኘ። በሕይወቱ አንድ በዓል ሽሮ የማያውቅ፣ ከበዓል ጋር እንደ እሱ የተስማማ ሰው ያልነበረ፣ በዓል ሻሪ ተብሎ ቀረ። ይህን እኔ አላሰላሁትም፤ ትርፍ ነው። አለቃዬ ደግሞ ከወረዳው ሁሉ ብክነት ያነሰው በእኔ ሠንጠረዥ ነው ብሎ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት አጎቴ ለቀለብና ለዘር ብሎ አንዱን በሬውን ሸጠ። እናቴም ጥምቀት ሲያልፍ «መሬቴን ዘንድሮ ለራሴ አርሳለሁ» ብላ ከእሱ መልሳ ወሰደች። ጎረቤቱ «በምን?» ሲላት በሬዋን አሳየች። ለወንድሜ ወደ ዓለም ከተማ በሚወርደው አውቶቡስ መልእክት ላከች፤ ሞፈሩ እየጠበቀህ ነው አለችው። ወንድሜ ቢመጣም ግን አንድ በሬ ያው አንድ በሬ ነው።

የካቲት መባቻ ላይ፣ የበልጉ ደመና ማንዣበብ በጀመረበት ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ መጣ። እኔ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። በርኖሱን አወለቀ፤ ሰው ቤት ሲገባ አውልቆት አያውቅም ነበር። ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ደመናው ተናገረ፣ መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ «ያው እንደምታዪኝ በአንድ በሬ ቀርቼአለሁ። አንቺም አንድ አለሽ። እንደ ድሮው ብንቀናጅ ብዬ ነው» አለ።

እናቴ እንዲህ ቶሎ ትመልሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። «ደስ ይለኛል» አለች። «ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ ከማን ጋር እቀናጃለሁ? ሕጉንም አልረሳሁትም። በዓል ይቆጠራል፤ እረፍት አይቆጠርም።»

አጎቴ ቀና አለ።

«በሬዎቹ ሲደክሙ እኔ እነግርዎታለሁ» አለች እናቴ። «ተራውን ደግሞ ልጄ ታወጣዋለች።»

ተነስቼ ከግድግዳው ላይ ቀን መቁጠሪያውን አወረድኩና ከፊቱ ዘረጋሁት። «የእርስዎን ተራ ከየትኛው ቀን እንጀምርልዎ፣ ጋሼ?» አልኩት። ጣቴ ያረፈው የካቲት ኪዳነ ምሕረት ላይ ነበር። አጎቴ ጣቴን አየ፣ እናቴን አየ፣ በበሩ በኩል ደመናውን አየ።

«እሺ» አለ።